ለሾፌሩ የማይጠቅመው መብራት

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መኪና ላይ ከተገጠሙት ነገሮች ሁሉ ለሾፌሩ ምንም የማይጠቅመው የቱ ነው? ወንበሩ ይቀመጥበታል፣ መሪው ያዞርበታል፣ መስታወቱ ኋላውን ያሳየዋል፣ ቴፑ ያዝናናዋል። የፊት መብራቱም ቢሆን መንገዱን ያበራለታል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ፍሬቻ! ሾፌር ወዴት እንደሚታጠፍ ለማወቅ ፍሬቻ አያስፈልገውም። እሱማ ያውቀዋል። ፍሬቻ የሚያስፈልገው ለማያውቀው ሰው ነው። ከኋላ ለሚመጣው፣ ከፊት ለሚጠብቀው፣ አስፋልቱን ለመሻገር አንድ እግሩን ላነሳው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ፍሬቻው የሚጠቅማቸው ሰዎች ሊጠግኑት አይችሉም፤ መጠገን የሚችለው ሰውዬ ደግሞ አይጠቅመውም። ስለዚህ ከሁሉም ነገር መጨረሻ ይጠገናል፤ አለዚያም ጭራሽ አይጠገንም። ክላክሱ የተበላሸበት ሾፌር ግን ውሎ አያድርም። ለምን መሰላችሁ? ክላክስ ማለት «ዞር በል!» ማለት ነው። ፍሬቻ ደግሞ «ልዞር ነው» ማለት ነው። ለማዘዝ ያለን ጥድፊያ ለማሳወቅ የለንም።

«አሁን ይሄም ወሬ ሆኖ ይጻፋል?» ለምትሉ ንፋስ መውጫን ላሳያችሁ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የወረታ–ወልዲያ መንገድ ደብረ ታቦርን፣ ጋሳይንና ክምር ድንጋይን አልፎ ላይ ጋይንት ይገባል። ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ወደ ወልዲያ ይቀጥላል። የከተማዋ ከፍታ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያልፋል፤ ስሟን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ቀትር ላይ እንኳ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጥላ ይመስላል። ሰዉ ደግሞ ብርዱን የሚከላከለው በጋቢ ነው። አስቡት፤ ነጭ ጋቢ በነጭ ጉም ውስጥ!

አገር አቋራጩ መንገድ የከተማዋም ዋና ጎዳና ነው። ድንችና ገብስ የጫነ አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ተማሪ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወልዲያ የሚሄድ አውቶቡስ፣ ሁሉም አንድ አስፋልት ይጋራሉ። ይሄ ሁሉ መኪና እግረኛው መሃል ነው የሚታጠፈው። የሚታጠፍ መኪና ካልተናገረ እግረኛው ምን ይቀረዋል? መገመት። በጉም ውስጥ መገመት ደግሞ ቁማር ነው፤ የሚያሲዙት ግን ብር ሳይሆን እግር ነው።

አንድ ጊዜ እዚያው መስመር ላይ ፍሬቻው የማይሠራ የጭነት መኪና የሚነዱ አንድ ጋሼን ለምን እንደማያስጠግኑት ጠይቄያቸው ነበር። ሳቅ ብለው «እታለም፣ ለማን ላሳየው? እዚህ እኔን የማያውቅ ሰው አለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰዉ ያውቃቸዋል። ማን እንደሆኑ ማወቅና ወዴት እንደሚታጠፉ ማወቅ ግን ለየቅል ነው።

ስለ አሮጌ መኪና ስናወራ ደግሞ አንድ ልዩነት እንያዝ። ሰለጠነ በሚባለው ዓለም የድሮ መኪና የእሁድ ጌጥ ነው። ይወለወላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰኞ ጋራዥ ውስጥ ይተኛል። አዲስ አበባም ቮልሷን እንደ ሙሽራ የሚንከባከብ ሰው ሞልቷል። አገሩ በሞላ ሲታይ ግን የእኛ አሮጌ መኪና ሰኞም ሥራ ላይ ነው። እህል ይጭናል፣ ሲሚንቶ ይጭናል፣ ሰው ይጭናል። ፊያት ኤንትሬን የመሰለ፣ ለስንቱ ቤተሰብ ጎጆ ያቆመ መኪና ጡረታ አያውቅም። አዲስ መኪና መግዛት ደግሞ ለብዙው ሰው ህልም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186) ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የውሳኔዎቹን ልክነት ሌላ ቀን እንከራከርበት። ለዛሬው ነገር ግን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ እጃችን ላይ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። እንግዲያው አሳምረን እንጠግነው!

ለመጠገን ደግሞ ነገርዬውን ማወቅ ያስፈልጋል። በስሙ እንጀምር። ፍሬቻ እንደ ፍሬን፣ እንደ ማርሽ፣ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ካንዴላ ሁሉ ከጣልያን የወረስነው ቃል ነው። በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። ያን ጊዜ የመኪና ፍሬቻ ብልጭ ድርግም የሚል ሳይሆን ከመኪናው ጎን ብቅ የሚል፣ ውስጡ መብራት ያለው ትንሽ ክንድ ነበር። ቀስት መባሉ ታዲያ አይገርምም። ቡይክ በአሜሪካ ብልጭ ድርግም የሚለውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው ቮልስዋገን ግን እስከ 1960 ድረስ በክንዱ ቀጥሏል። ስለዚህ የእኛ ረዳት በመስኮት እጁን አውጥቶ ሲያውለበልብ «ኋላቀር» ብላችሁ አትሳቁበት። የፍሬቻ አያት እሱ ነው። ችግሩ እጅ በጉምና በጨለማ አለመታየቱ ነው።

አሁን ወደ ብልጭታው እንምጣ። በድሮ መኪና ውስጥ ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው ፍላሸር የሚባል፣ አውራ ጣት የምታክል የቆርቆሮ ዕቃ ነው። ውስጡ ኮምፒውተር የለም። በተለመደው ዓይነት ውስጥ ያለችው ሙቀት ሲነካት የምትታጠፍ ስስ የብረት ቅጠል ናት። ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ኮረንቲ በእሷ በኩል ሲያልፍ ትሞቃለች፤ ስትሞቅ ትታጠፍና መስመሩን ትቆርጣለች፤ ስትቆረጥ ትቀዘቅዛለች፤ ስትቀዘቅዝ ተመልሳ ትገጥማለች። ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ የሚለው ድምፅ የእሷ ነው። (ብዙ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ የምትሰሙት ጭቅጭቅታ በስፒከር የሚለቀቅ የማስመሰያ ድምፅ ነው። የእኛዎቹ አያስመስሉም!) ዓለም አቀፉ ደንብ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ እንዲል ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ቁም ነገሩን ልብ በሉልኝ። ይህቺ ቅጠል የምትሞቀው አምፖሎቹ በሚስቡት ኮረንቲ ነው። የፍሬቻ አምፖል ብዙ ጊዜ 21 ዋት ነው። በ12 ቮልት መኪና አንዱ 1.75 አምፒር ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ተደምረው 3.5 አምፒር። ፍላሸሩ የተሠራው ለዚህ ልክ ነው። አንዱ አምፖል ከተቃጠለ ኮረንቲው በግማሽ ይቀንሳል፣ ቅጠሏም በቅጡ አትሞቅም። ያኔ መብራቱ ሳይጠፋ በርቶ ይቀራል፣ ወይም ምቱ ይዛባል። ሾፌሩ «ፍላሸሩ ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም! «አንዱ አምፖልህ ሞቷል» እያለው ነው። ስንቱ ደህና ፍላሸር እውነት በመናገሩ ተነቅሎ እንደተጣለ እግዜር ይወቀው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ግራውንድ ነው። በአሮጌ መኪና ኮረንቲው ከአምፖሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናው አካል፣ በብረቱ በኩል ነው። ብረቱ ደግሞ ዝናብ ጠጥቷል፣ ጭቃ በልቷል፣ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። አምፖሉ የሚቀመጥበት ቤት ዝጎ 0.2 ኦም ብቻ ቢከላከል፣ በ12 ቮልት መኪና 0.35 ቮልት ይጠፋል፤ 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳም። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠራው ቮልስ ግን 6 ቮልት ነው። ለዚያው 21 ዋት እጥፍ ኮረንቲ ይስባል፤ ስለዚህ በዚያችው ዝገት 0.7 ቮልት ይጠፋበታል። ከ6 ላይ 12 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው! የአምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ነው የሚወርደው፤ በ12 በመቶ የቮልት ጉድለት ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይሄዳል። አንዲት ቀጭን የዝገት ቅርፊት ናት ይሄን ሁሉ የምትሠራው።

ታዲያ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ከመሮጣችሁ በፊት (ወይም ከንፋስ መውጫ ባሕር ዳር ድረስ ሰው ከመላካችሁ በፊት) በአንዲት ሽቦ የሚሠራ ምርመራ አለ። መጀመሪያ አራቱንም አምፖሎች አውጥታችሁ እዩ። የተቃጠለ ካለ ቀይሩ፤ በ21 ዋት ቦታ ባለ 5 ዋት ተገጥሞ ካገኛችሁ አውጡት፤ እሱም ፍላሸሩን ያታልለዋል። ቀጥሎ የሽቦዋን አንድ ጫፍ አምፖሉ የተቀመጠበት ብረት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ባትሪው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበት ጫፍ ላይ አስነኩ። ፍሬቻው ያኔ ነፍስ ከዘራ ጥፋተኛው ግራውንዱ ነው። መድኃኒቱ የብርጭቆ ወረቀትና የአሥር ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ሌላም ምልክት አለ፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ፣ ወይም ፍሬቻው ሲመታ የኋላ መብራቱ አብሮ የሚመታ ከሆነ፣ ኮረንቲው መመለሻ አጥቶ በሌላው አምፖል በኩል እየሾለከ ነው። ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ብቻ ፍላሸሩ ላይ ያሉትን ሁለት ዋና ሽቦዎች ነቅላችሁ አገናኙ። ፍሬቻ አዙራችሁ መብራቶቹ ሳይቆራረጡ ደምቀው ከበሩ፣ አሁን በእርግጥ ፍላሸሩ ሞቷል። ቀይሩት፤ ሐዘኑ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያኮርፍብኝን ነገር ልናገር። ፋሽኑ ኤል ኢ ዲ ሆኗል። ኤል ኢ ዲ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ይደምቃል፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ለ6 ቮልት መኪናማ በደንብ ከተገጠመ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን የሚስበው ኮረንቲ ከድሮው አምፖል በጣም ያነሰ ስለሆነ የድሮው ፍላሸር ቅጠል አትሞቅለትም። ያኔ ሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ሪዚስተር ማስገባት ነው፤ ኤል ኢ ዲው ያልበላውን ኮረንቲ እሱ ይብላው ማለት ነው። 6 ኦም የሆነው በ12 ቮልት 24 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ፕላስቲክ ላይ ከታሰረ ያቀልጠዋል። ብረት ላይ ይታሰር። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ኤል ኢ ዲው አንድ ቀን ቢሞት ሪዚስተሩ መብላቱን አያቆምም፣ ፍላሸሩም «ሁሉ ሰላም ነው» እያለ ይመታል። እውነት ተናጋሪውን በጉቦ አፉን አስያዛችሁት ማለት ነው!

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ነው፤ ከሁለቱ ይሄ ይሻላል። እሱም ግን ሁለት ወጥመድ አለው። የድሮው ባለ ሦስት እግር ፍላሸር ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው እግሩ «ፒ» የሚል ሲሆን ዳሽቦርድ ላይ ወዳለችው ትንሽ መብራት ይሄዳል። የኤሌክትሮኒኩ ሦስተኛ እግር ግን «ኢ» ወይም «31» የሚል ሲሆን ግራውንድ ይፈልጋል። ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ ሰክቶ «አይሠራም» ማለት ከዚህ ይመጣል። ሌላው ወጥመድ አንዳንድ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ያለ ነው። በእነሱ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ለድሮዋ የብረት ቅጠል ግራ ቀኙ አንድ ነው፤ ኤሌክትሮኒኩ ግን ተገልብጦ ከገባ ወዲያው ይቃጠላል። ይህን የሚያውቁ የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች አሉን። እጃቸው ወርቅ ነው። ግን ብዙዎቹ ዕውቀቱን የያዙት በጭንቅላታቸው ነው፤ የእኛ ትውልድ ደግሞ ኮምፒውተር የሌለው መኪና ሲያይ ፊቱን ያዞራል። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን አንድ ጠዋት ለአሮጌ ሽቦ ቢሰጡ፣ ተማሪዎቹም እነዚህን ባለሙያዎች አስቀምጠው ቢጽፉላቸው ምን ነበረበት?

የምንሰጣቸው ሰበቦች ላይም ላቁም። «ቦሎ ወስጃለሁ እኮ» የሚል አለ። ቦሎ የሚያረጋግጠው ፍሬቻው በምርመራው ዕለት እንደሠራ ነው። ለዚያ ቀን ብቻ ከጓደኛ መኪና አምፖል ተውሶ፣ ሽቦ ጠምዝዞ አሳልፎ በማግስቱ መመለስ የሚቻል ከሆነ፣ የተመረመረው መኪናው ሳይሆን የሾፌሩ ብልጠት ነው። መርማሪዎቹ በራ አልበራ ብለው ከማለፍ ይልቅ ፍሬኑን አስረግጠው ፍሬቻው ይደበዝዝ እንደሆነ ቢያዩ፣ ምቱን በሰዓት ቢቆጥሩ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጅባቸው። የተጠመዘዘ ሽቦ ግን ያቺን አንድ ደቂቃ ይፈራታል።

«መለዋወጫ የለም፣ ተወዷል» የሚልም አለ። ስለ ሞተር ወይም ስለ ካምቢዮ ከሆነ እሺ፣ አዝናለሁ። ስለ ፍሬቻ ግን አይሠራም። አብዛኛው የፍሬቻ ብልሽት ከላይ እንዳያችሁት በአንድ አምፖል፣ በአንድ ቁራጭ ሽቦና በብርጭቆ ወረቀት ያልቃል። የጎደለው ዕቃ አይደለም፤ «ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ነው።

«ማንም ፍሬቻ አያይም፣ ብናሳይም አያከብሩልንም» የሚሉም አሉ። እነዚህ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን እግረኛው ፍሬቻ ማመን ያቆመው ለምንድን ነው? ሳያሳዩ የሚታጠፉ ስለበዙ፣ አሳይተው የማይታጠፉም ስላሉ ነው። ቋንቋ የሚሞተው ተናጋሪ ሲያጣ ነው፤ ሰሚው ሰነፈ ብሎ ዝም ማለት የባሰ ይገድለዋል።

ወደ እኛ ልምጣ፤ ወደ ተሳፋሪዎቹ። ሚኒባስ ውስጥ ለአንድ ብር መልስ ከረዳቱ ጋር እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንከራከራለን። ሙዚቃው ሲጮኽብን እንናገራለን። ፍሬቻው ስለማይሠራ ሾፌር አናግሮ የሚያውቅ ግን ከመሃላችን ስንት ነው? እኛም ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ልክ እንደ ሾፌሩ ነን፤ አይጠቅመንም። ስንወርድና እግረኛ ስንሆን ትዝ ይለናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ስትሳፈሩ ከኋላ ዞር ብላችሁ እዩት። ካልሠራ «ጋሼ፣ የቀኙ ፍሬቻ አይበራም፤ ግራውንዱን ያስዩት» በሉ። በትሕትና፣ ግን ሰው በሚሰማው ድምፅ። አንዳንዱ ይገላምጣችኋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚቀጥለው ከተማ ላይ ያስጠግነዋል። እሱ ባስጠገነበት ቀን አመሻሽ ላይ፣ ጉሙ ወርዶ፣ አንዲት ጋቢ የለበሱ እናት አህያቸውን ይዘው አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ። ቢጫዋ መብራት ጭቅ ጭቅ ስትል ያዩና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። መኪናው ታጥፎ ያልፋል። እሳቸውም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ማንም ማንንም አያመሰግንም። ፍሬቻ ሥራውን ሲሠራ እንዲህ ነው።